የጥናት ፕሮፖዛል በማኅበራዊ ሥራ

የጥናት ፕሮፖዛል አንድ አጥኚ ምን ሊያጠና እንዳሰበ፣ ጥናቱ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ በምን ዘዴና በምን ያህል ጊዜ እንደሚያካሂደው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚያቀርበው የጽሑፍ ዕቅድ ነው። በአንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ንድፈ ጥናት ይባላል። በተለምዶ ሶሻል ወርክ ተብሎ በሚጠራው የማኅበራዊ ሥራ ሙያ ፕሮፖዛል ብዙውን ጊዜ ለሦስት አንባቢዎች ይጻፋል፦ ለአማካሪ መምህርና ለፈታኞች፣ ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ፣ እንዲሁም ለጥናቱ ገንዘብ ለሚሰጥ አካል። አራተኛ ባለጉዳይም አለ፤ እሱም ጥናቱ የሚደረግበት ሰው ነው። ይህ ሰው ፕሮፖዛሉን አያነበውም፤ ሆኖም በውስጡ የሰፈረው እያንዳንዱ ውሳኔ እሱን ይነካዋል።

የማኅበራዊ ሥራ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በችግር ላይ ባሉ ሰዎች ላይ ነው፦ ጧሪ ያጡ አረጋውያን፣ በጎዳና የሚኖሩ ልጆች፣ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞች፣ ከስደት የተመለሱ ወጣቶች። ለእነዚህ ሰዎች የማይገባ ጥያቄ ባልተገባ ቦታ መጠየቅ ራሱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። የጥናቱ ውጤትም አገልግሎት ሊያስጀምር ወይም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ፕሮፖዛል ሁለት ነገሮችን ያረጋግጣል፦ ጥያቄው በእርግጥ ሊመለስ የሚችል መሆኑን፣ መልሱ የሚገኘውም ሰው ሳይጎዳ መሆኑን።

ታሪካዊ መነሻ

ማኅበራዊ ሥራ ከጅምሩ ከጥናት ጋር የተያያዘ ሙያ ነው። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር እ.ኤ.አ. በ1889 በቺካጎ ከተማ በስደተኞች ሰፈር ኸል ሃውስ የተባለውን የማኅበረሰብ ቤት ከፈቱ። በ1895 የቤቱ ነዋሪዎች የአካባቢውን ሕዝብ ትውልድ አገርና ሳምንታዊ ገቢ በቀለም በተለዩ ካርታዎች አሳተሙ። ዊልያም ዱ ቦይስ በ1899 ስለ ፊላደልፊያ ጥቁሮች ያሳተሙት ጥናትም ቤት ለቤት በተደረገ ቃለ መጠይቅ ላይ የተመሠረተ ነበር። ሜሪ ሪችመንድ ደግሞ በ1917 ሶሻል ዳያግኖሲስ በተባለው መጽሐፋቸው አንድ ባለሙያ ስለ ባለጉዳዩ የሚሰበስበውን ወሬ ሁሉ እንደ ማስረጃ መመዘን እንዳለበት አስተማሩ።

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተስፋፍቷል፤ የመመረቂያ ጥናት ፕሮፖዛል ማዘጋጀትም የብዙ ተማሪዎች የመጨረሻ ዓመት ሥራ ሆኗል።

በጎ ፈቃድ ማስረጃ አለመሆኑ

ፕሮፖዛል ለምን በቅድሚያ በጥንቃቄ እንደሚጻፍ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት የተካሄደው የካምብሪጅና ሶመርቪል የወጣቶች ጥናት ነው። ጥናቱን ያቀዱት ሐኪሙ ሪቻርድ ካቦት ናቸው፤ እኚህ ሰው በ1905 በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ያስጀመሩ ናቸው። በጥናቱ 506 ወንዶች ልጆች በዕድሜ፣ በቤተሰብ ሁኔታና በጠባይ ተመሳሳይ ሆነው በ253 ጥንዶች ተመደቡ። ከየጥንዱ አንዱ በሳንቲም ዕጣ ተመርጦ የአማካሪ ክትትል፣ የትምህርት እገዛ፣ ሕክምናና የበጋ ካምፕ እንዲያገኝ ተደረገ። ሌላው ምንም አልተደረገለትም። ድጋፉ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል ቆየ።

ከ30 ዓመት በኋላ ጆን ማኮርድ የተባሉ ተመራማሪ እነዚያን ልጆች አዋቂ ሆነው ፈልገው አገኟቸውና ውጤቱን በ1978 አሳተሙ። ድጋፉን ካገኙት ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጠቅሞናል ብለው መሰከሩ። መዝገቡ ግን ሌላ ተናገረ። ድጋፍ ያገኙት በወንጀል ረገድ ካላገኙት አልተሻሉም፤ በመጠጥ ሱስ፣ በአእምሮ ሕመምና ያለ ዕድሜ በመሞት ረገድ እንዲያውም የባሰ ሁኔታ ላይ ተገኙ።

ማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህ ፕሮግራም እንደ ታላቅ ስኬት ይቆጠር ነበር፤ የተጠቃሚዎቹ ምስክርነት ለሪፖርት ይበቃ ነበርና። እውነቱ የታወቀው ማነጻጸሪያው ከመጀመሪያው ቀን በዕቅዱ ውስጥ ስለነበረ ነው። ከዓመታት በኋላ ሊጨመር የሚችል ነገር አልነበረም። ሊታወቅ የሚፈለገው ነገር በምን እንደሚታወቅ አስቀድሞ መወሰን የፕሮፖዛል ዋና ሥራ ነው።

ርእስ መምረጥና ማጥበብ

ርእስ ብዙውን ጊዜ ከመስክ ልምምድ፣ ከሥራ ቦታ ወይም ከሰፈር ገጠመኝ ይመነጫል። ተማሪው የሚነካው ጉዳይ መምረጡ ይበረታታል፤ ነገር ግን ጉዳይና የጥናት ጥያቄ አንድ አይደሉም። ለምሳሌ የስደት ተመላሾች ጉዳይ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ወንድና ሴት፣ በሕጋዊ መንገድ የሄደና በባሕር የተሻገረ፣ ገንዘብ የቋጠረና ባዶ እጁን የመጣ በዚህ ውስጥ ተደባልቋል። «የስደት ተመላሾች ችግር በኢትዮጵያ» የሚል ርእስ በአንድ የትምህርት ዓመት ሊሸፈን አይችልም።

ርእስ የሚጠብበው አራት ነገሮችን በመወሰን ነው፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን። በዚህ መሠረት ከላይ ያለው ጉዳይ እንዲህ ሊጠብ ይችላል፦ «በአዲስ አበባ በአንድ ወረዳ የሚኖሩ፣ በዐረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ቆይተው ከተመለሱ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሴቶች ከቤተሰባቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት መተዳደሪያ ለመጀመር በሚያደርጉት ጥረት ላይ ምን ሚና አለው?»

የጥናት ጥያቄ ተገቢ መሆኑን ለማወቅ ሦስት መፈተኛዎች ይጠቅማሉ።

• መልሱ ከወዲሁ የታወቀ መሆን የለበትም። «ድህነት ቤተሰብን ይጎዳል?» ብሎ ለመጠየቅ ጥናት አያስፈልግም።

• ጥያቄው መልሱን በሆዱ መያዝ የለበትም። «ተመላሽ ሴቶች በማኅበረሰቡ የሚገለሉት ለምንድን ነው?» የሚለው መገለል መኖሩን ሳያረጋግጥ ይነሣል። ያልተገለሉ፣ እንዲያውም የቤተሰብ ምሰሶ የሆኑ ሴቶች ካሉ ጥያቄው አያያቸውም።

• ተሳታፊዎቹ ሊገኙ የሚችሉ መሆን አለባቸው። አጥኚው ሰዎቹን በማን በኩል እንደሚያገኝ ከመጻፉ በፊት ሄዶ ማጣራት ይኖርበታል። ከወረዳ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ከዕድር ወይም ከመጠለያ ፈቃድ ሳይገኝ የተጻፈ ፕሮፖዛል ወረቀት ላይ ይቀራል።

የችግሩ መግለጫ

ይህ ክፍል ለሦስት ጥያቄዎች በአጭሩ ይመልሳል፦ ስለ ጉዳዩ ምን ይታወቃል? ምን አይታወቅም? ያልታወቀው ሳይታወቅ ቢቀር ማን ይጎዳል? ሦስተኛው ጥያቄ በማኅበራዊ ሥራ ልዩ ቦታ አለው። «በዚህ ርእስ እስካሁን አልተጠናም» ማለት ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ያልተጠና ነገር ሁሉ መጠናት አለበት ማለት አይደለምና። በምሳሌው ግን እንዲህ ማለት ይቻላል፦ የመልሶ ማቋቋሚያ ድጋፍ የሚሰጠው ለግለሰቧ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ላይ የሚወስነው ቤተሰቡ ከሆነ፣ ይህን ያላወቀ ድርጅት ሥልጠናና መነሻ ገንዘብ እየሰጠ ለውጥ ላያይ ይችላል።

በብዙ የተማሪ ፕሮፖዛሎች የሚታይ ልማድ ከዓለም ጀምሮ ወደ አፍሪካ፣ ከአፍሪካ ወደ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም ወደ ወረዳ እየወረዱ መጻፍ ነው። አንባቢው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ገና ጉዳዩ አይነሣም። ችግሩን በመጀመሪያው አንቀጽ ማስቀመጥ፣ ሰፊውን ዳራ ደግሞ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መጥቀስ ይሻላል።

የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት

የቅኝቱ ተግባር አጥኚው ብዙ ማንበቡን ማሳየት ሳይሆን ጥናቱ በነባሩ ዕውቀት ውስጥ የት ላይ እንደሚቆም ማሳየት ነው። «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሊት እንዲህ አለች» እያሉ መደርደር ቅኝት አይባልም። ጽሑፎቹ በሐሳብ ይመደባሉ፤ የሚስማሙበት፣ የሚጣሉበትና ያልነኩት ይለያል። የሌላ አገር ጥናት ሲጠቀስ ውጤቱ በኢትዮጵያ ሊሠራ የሚችልበትና የማይችልበት ምክንያት መነገር አለበት። በዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍትና የኢንተርኔት ማከማቻ ያሉ ያልታተሙ የመመረቂያ ጥናቶችም በብዛት የሚረሱ ጠቃሚ ምንጮች ናቸው።

ንድፈ ሐሳብም የሚነሣው እዚህ ነው። በማኅበራዊ ሥራ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ዩሪ ብሮንፈንብረነር በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ ያብራሩት ሥነ ምኅዳራዊ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ሰውን ከቤተሰቡ፣ ከሰፈሩ፣ ከተቋማትና ከባህሉ ጋር አያይዞ ያያል። ሌላው ደግሞ በሰዎች ጉድለት ፈንታ አቅማቸውን መነሻ የሚያደርገው አተያይ ነው። የተመረጠው ንድፈ ሐሳብ በቃለ መጠይቁ ጥያቄዎችና በትንተናው ላይ ካልታየ በቅኝቱ ውስጥ ስሙን መጥራት ትርጉም የለውም።

ዓላማዎች

አጠቃላይ ዓላማው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሆን ዝርዝር ዓላማዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ቢሆኑ ይመከራል። «ማወቅ»ና «መገንዘብ» መፈጸማቸው በምን እንደሚታወቅ ስለማይታይ «መለየት»፣ «መግለጽ»፣ «ማነጻጸር» የሚሉ ግሦች ይመረጣሉ። «ችግሩን መቅረፍ» የጥናት ዓላማ አይደለም፤ የፕሮጀክት ዓላማ ነው።

እያንዳንዱ ዝርዝር ዓላማ መረጃ የሚሰበሰብበት መሣሪያና የትንተና መንገድ ሊኖረው ይገባል። ይህን በሠንጠረዥ ማየት ጠቃሚ ነው፤ ለምሳሌ «ሴቶቹ የላኩት ገንዘብ በቤተሰቡ ውስጥ ምን ላይ እንደዋለ መግለጽ» ለሚለው ዓላማ መረጃው ከሴቶቹና ከአንድ የቤተሰብ አባል በቃለ መጠይቅ ይገኛል፣ ትንተናው ጭብጣዊ ይሆናል። መሣሪያ የሌለው ዓላማ ይሰረዛል፤ ዓላማ የሌለው መጠይቅም እንዲሁ።

የጥናት ዘዴ

ዘዴ በሦስት ይከፈላል። መጠናዊ ዘዴ ምን ያህል፣ ስንት ሰው፣ የትኛው ከየትኛው ይበልጣል ለሚሉ ጥያቄዎች ይሆናል። ዓይነታዊ ዘዴ እንዴት፣ ለምን፣ ሰዎች ነገሩን ምን ብለው ይረዱታል ለሚሉት ይሆናል። ቅይጥ ዘዴ ሁለቱን ያጣምራል። ምርጫው ከጥያቄው መምጣት አለበት። ከሒሳብ ለመሸሽ ዓይነታዊ ዘዴን የመረጠ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሥራው እንደማይቀል የሚያውቀው የቃለ መጠይቅ ቅጂ መገልበጥ ሲጀምር ነው።

ናሙና

በኢትዮጵያ የተማሪ ጥናቶች በብዛት የሚታየው የታሮ ያማኔ ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት የናሙናው መጠን የሚገኘው ጠቅላላውን ሕዝብ፣ በአንድ ላይ ሕዝቡ በስሕተት መጠኑ ካሬ ተባዝቶ በተደመረው በማካፈል ነው። ለምሳሌ በአንድ መዝገብ 1200 ሰዎች ቢኖሩና የሚፈቀደው የስሕተት መጠን 5 በመቶ ቢሆን፣ 1200 በ0.0025 ሲባዛ 3 ይሆናል፤ አንድ ሲደመርበት 4፤ 1200 ለ4 ሲካፈል 300 ሰዎች ይመጣል።

ቀመሩ የሚሠራው ግን ሙሉ ዝርዝር ኖሮ ሰዎቹ በዕጣ ሲመረጡ ነው። የስደት ተመላሾች፣ የጎዳና ልጆች ወይም በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ሙሉ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የለም። አንዷ ተሳታፊ የምታውቃትን ሌላ ሴት በምትጠቁምበት መንገድ 300 ሰው ሰብስቦ ቀመሩን መጥቀስ ቁጥሩን አሳማኝ ቢያስመስለውም ውጤቱን የሁሉም ተመላሾች ውጤት አያደርገውም። እንዲህ ባለው ጊዜ ትክክለኛው ነገር የአመራረጡን ውሱንነት በግልጽ መጻፍ ነው። በዓይነታዊ ጥናት ደግሞ ቀመር አያስፈልግም፤ አዲስ ሐሳብ መምጣት ሲያቆም የማቆም መርሕ ይሠራል። ፕሮፖዛሉ ግን የታሰበውን ግምታዊ ቁጥር ከነምክንያቱ ያስቀምጣል።

የመጠይቅ ቋንቋ

በብዙ የትምህርት ክፍሎች ፕሮፖዛሉም ጥናቱም በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ንግግሩ ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ይሆናል። ስለዚህ ትርጉም የዘዴው አካል ነው። የተለመደው አሠራር አንድ ሰው መጠይቁን ወደ አማርኛ ሲተረጉም ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግና ሁለቱን ማስተያየት ነው። ይህም ብቻውን አይበቃም። በመዝገበ ቃላት ትክክል የሆነ ቃል ተሳታፊዋ የማትጠቀምበት ሊሆን ይችላል። «ድብርት አለብሽ?» ተብላ «የለም» ያለች ሴት «ሐሳብ በዝቶብኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል» ልትል ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀውና 20 የ«አዎ» እና «አይደለም» ጥያቄዎች ያሉት የአእምሮ ጤና መጠይቅ በአማርኛ ተፈትኖ በኢትዮጵያ ጥናቶች ሥራ ላይ ውሏል። እንዲህ ያለ የተፈተነ መሣሪያ ካለ አዲስ ከመፍጠር እሱን መጠቀም ይመረጣል። በሁሉም ሁኔታ መጠይቁ ከዋናው ጥናት በፊት በጥቂት ሰዎች ላይ መሞከር አለበት።

ሥነ ምግባር

በአሜሪካ አላባማ ግዛት ቱስኪጊ በተባለ ቦታ ከ1932 እስከ 1972 በተካሄደ ጥናት የመንግሥት የጤና ተመራማሪዎች ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች በሽታው እንዴት እንደሚሄድ ለማየት ሲሉ ሳያክሙ ተከታተሏቸው። ፔኒሲሊን መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልሰጧቸውም። ጉዳዩ በጋዜጣ ከተጋለጠ በኋላ የመጣው የ1979 የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት መርሖችን አስቀመጠ፦ ሰውን ማክበር፣ በጎ ማድረግና አለመጉዳት፣ ፍትሕ። ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ፕሮፖዛልን የሚመዝኑት በአብዛኛው በእነዚህ ነው።

«ተሳታፊዎች ፈቃደኛነታቸው ይጠየቃል፤ ምስጢራቸውም ይጠበቃል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። ኮሚቴው ማየት የሚፈልገው እንዴት እንደሚደረግ ነው።

• ፈቃድ፦ ማንበብ ለማትችል ሴት የፈቃድ ቅጹ ይነበብላታል፤ ፊርማ ከመንግሥት ወረቀት ጋር አያይዘው የሚፈሩ ሰዎች ካሉ በምስክር ፊት የቃል ፈቃድ ይታሰባል። ለሕፃናት የአሳዳጊ ፈቃድ፣ ከልጁም ስምምነት ያስፈልጋል።

• ጫና፦ ተሳታፊዋን የጠራት ርዳታ የሚሰጣት ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ እምቢ ብትል ርዳታው ይቋረጥብኛል ብላ ልትሰጋ ትችላለች። አጥኚው ራሱ እንዲጋብዛት፣ ድርጅቱም ማን እንደተሳተፈ እንዳያውቅ ማድረግ ይቻላል።

• ምስጢር፦ ስም መቀየር ብቻ ሰውን አይሰውርም። «ባለፈው ዓመት ከቤይሩት የተመለሰች፣ ልብስ የምትሰፋ የመንታ ልጆች እናት» የተባለች ሴት በሰፈሯ ወዲያው ትታወቃለች። የተሳታፊዎች ስምና መለያ ቁጥር ከድምፅ ቅጂው ተለይቶ በተቆለፈ ፋይል ይቀመጣል፤ ቅጂው መቼ እንደሚሰረዝም ይጻፋል። በዚህ ረገድ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መታየት አለበት።

• ድጋፍ፦ ተሳታፊዋ ስለ ደረሰባት ጥቃት ስትናገር ብትታመም አጥኚው ምን ያደርጋል? የትኛው የምክር ወይም የሕክምና አገልግሎት እንደሚቀበላት አስቀድሞ ተነጋግሮ በፕሮፖዛሉ ይገባል። ሕይወቷን ልታጠፋ እንደምትችል ወይም ሕፃን እየተጎዳ መሆኑን ከተናገረች ምስጢር የመጠበቅ ግዴታው ገደብ እንዳለው ከመጀመሪያው ይነገራታል።

የጊዜ ሰሌዳና በጀት

በጊዜ ሰሌዳ የሚዘነጋው የመገልበጥ ሥራ ነው። የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብዙውን ጊዜ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አንድ አንድ ሰዓት የሚፈጁ 15 ቃለ መጠይቆች ስለዚህ 75 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎሙ ሲጨመር ይበልጣል። የሥነ ምግባር ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት የሚያልፉ ሳምንታት፣ የጾምና የበዓል ቀናት፣ በገጠር ደግሞ የእርሻና የአጨዳ ወቅት ሰሌዳው ላይ መታየት አለባቸው። በበጀት ከኅትመትና ከትራንስፖርት በተጨማሪ ለተሳታፊዎች የመጓጓዣና የባከነ የሥራ ጊዜ ማካካሻ ይያዛል፤ መጠኑ ግን ለገንዘቡ ሲሉ ብቻ እንዲናገሩ የሚያደርግ መሆን የለበትም።

አጻጻፍና ግምገማ

ፕሮፖዛል የሚነበብበትና የሚጻፍበት ቅደም ተከተል አይመሳሰሉም። ብዙ አማካሪዎች ከጥናት ጥያቄው ጀምሮ ወደ ዓላማና ዘዴ መሄድን፣ ከዚያ ቅኝቱንና የችግሩን መግለጫ ማጠናቀቅን፣ ርእሱንና ማጠቃለያውን በመጨረሻ መጻፍን ይመክራሉ። ግሦቹ ወደፊት የሚሆነውን ያመለክታሉ፤ «ቃለ መጠይቅ ይደረጋል» የሚለው በመመረቂያው ጽሑፍ «ተደርጓል» ይሆናል።

ገምጋሚዎች በአብዛኛው የሚያዩት ክፍሎቹ እርስ በርስ መገጣጠማቸውን ነው። ርእሱ ስለ አንድ ነገር፣ ጥያቄው ስለ ሌላ፣ መጠይቁ ስለ ሦስተኛ ከሆነ ቋንቋው ቢያምርም ፕሮፖዛሉ ይመለሳል። ከሌላ ሥራ የተገለበጠ ዘዴም የወረዳ ስም ወይም ቁጥር ሳይቀየር ቀርቶ ይታወቃል።

የጸደቀ ፕሮፖዛል በመስክ ላይ ሊለወጥ ይችላል። የታሰበው ወረዳ ፈቃድ ቢከለክል፣ የጸጥታ ሁኔታ ቢለወጥ ወይም አንድ ጥያቄ ተሳታፊዎችን እንደሚያስለቅስ ቢታወቅ አጥኚው ለውጡን ለአማካሪውና ለኮሚቴው አሳውቆ ያስተካክላል፤ ለውጡንም ከነምክንያቱ በመጨረሻው ጽሑፍ ያስቀምጣል። ተሳታፊዎቹ የሰጡት ፈቃድ ለተነገራቸው ጥናት ብቻ በመሆኑ፣ የጥናቱ ዓላማ ከተለወጠ ፈቃዳቸው እንደገና ይጠየቃል።